የኢሜይል ፕሮግራም አሠራር

የኢሜይል ፕሮግራም መልእክት ለመላክ ኤስኤምቲፒን፣ ለመቀበል ደግሞ ፖፕ3ን ወይም አይማፕን የሚጠቀም ሶፍትዌር ነው። ኤስኤምቲፒን በ1974 ዓ.ም. (1982 እ.ኤ.አ.) በሰነድ የጻፈው አሜሪካዊው ጆናታን ፖስቴል ነው።

ለምሳሌ አንድ ነጋዴ የቡና ዋጋ ከአጋሮ ወደ ጅማ ሲልክ፣ ፕሮግራሙ ከሰርቨሩ ጋር ተገናኝቶ በቅድሚያ የላኪውንና የተቀባዩን አድራሻ፣ ቀጥሎም መልእክቱን ያቀርባል። የመልእክቱ ማብቂያ ነጥብ ብቻ ያለበት መስመር ነው። ሰርቨሩ በየእርምጃው ባለ ሦስት አኃዝ ቁጥር ይመልሳል። በ2 የሚጀምር «ተቀብያለሁ»፣ በ3 «ቀጥል»፣ በ4 «ቆይተህ ሞክር»፣ በ5 «አይቻልም» ማለት ነው። ኔትወርክ ሊቋረጥ ስለሚችል፣ ፕሮግራሙ ከነጥቡ በኋላ 250 የሚል መልስ ሳያገኝ መልእክቱን ካጠፋ ዋጋው መንገድ ላይ ይቀራል።

ኤስኤምቲፒ ሲጀመር የተዘጋጀው ለአስኪ ፊደላት ብቻ ስለነበር አማርኛ የሚላከው ማይም በተባለው ደንብ ነው። «ጅማ» የሚለው ቃል በዩቲኤፍ-8 6 ባይት ይይዛል፤ ወደ ቤዝ64 ሲቀየር 8 የላቲን ፊደላትና አኃዞች ይሆናል። የፊደሉ ዓይነት በመልእክቱ ራስጌ ካልተገለጸ ተቀባዩ ትርጉም የለሽ ምልክቶችን ሊያይ ይችላል።

ፖፕ3 መልእክቱን ወደ ኮምፒዩተሩ አውርዶ ብዙ ጊዜ ከሰርቨሩ ያጠፋዋል፤ አይማፕ ግን እዚያው ያቆየዋል። ስለዚህ አንድ ኮምፒዩተር በጋራ ለሚጠቀሙ ተማሪዎች አይማፕ ይመረጣል።