ጠሪው ዝም ሲል፦ ነባሪ እሴት በጃቫስክሪፕት

በጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ዋና ከተማ በጉንደ ወይን፣ አንዲት ወጣት ለአንድ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ የሽያጭ ማስያ እየሠራች ነው እንበል። ሱቁ ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበ ስለሆነ በቆርቆሮውም በሚስማሩም ዋጋ ላይ 15 በመቶ ይጨምራል። ታክሱ በ1995 ዓ.ም. ሥራ ላይ ሲውል ምጣኔው ይኸው ነበር፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ አዋጅም አልነካውም። እንዲህ የጸና ቁጥር በየሽያጩ መላልሶ መጻፍ ድካም ነው፤ አንድ ቀን 0.15 ሊባል 1.5 ይባልና ደንበኛው ይበደላል። ልጅቱ ጃቫስክሪፕት በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ልትጽፍ የሚገባት ይህን ነው፦

ድምር = (ዋጋ, ታክስ = 0.15) => ዋጋ + ዋጋ * ታክስ

«ድምር» የፈንክሽኑ፣ ማለትም በስሙ እየተጠራ የሚሠራው የስሌት መመሪያ፣ ስም ነው። በቅንፉ ውስጥ ያሉት «ዋጋ» እና «ታክስ» ፓራሜትሮች ይባላሉ፤ ፈንክሽኑ ሥራውን ለመሥራት ከጠሪው፣ ማለትም ከሚጠቀምበት ኮድ፣ የሚጠብቃቸው ነገሮች ናቸው። ከቀስቱ በስተቀኝ ያለው ስሌቱ ነው። «ታክስ = 0.15» የሚለው ደግሞ ነባሪ እሴት ነው፦ ጠሪው ስለ ታክስ ምንም ካልተናገረ 0.15 ይያዝ ማለት ነው። ድምር(1000) ሲባል 1150 ይመልሳል። ድምር(1000, 0) ሲባል ግን ጠሪው ስለተናገረ 1000 ይመልሳል።

መስመሩ እንዳለ የሚሠራ ኮድ ነው። ጃቫስክሪፕት ለስሞች የግዕዝን ፊደል ይቀበላል፤ የላቲን ፊደል የሚያስፈልገው ለቋንቋው የራሱ ቃላት ነው፣ እዚህ ደግሞ አንድም አልገባም። በኮምፒውተር ላይ ክሮምን ከፍቶ ኤፍ12 በመጫን ኮንሶሉ ውስጥ መሞከር ይቻላል። ነጠላ ሰረዙ ግን የላቲኑ መሆን አለበት፤ የእኛን ሰረዝ ቋንቋው አያውቀውም። ለሥራ በሚውል ፕሮግራም ውስጥ ደግሞ ከስሙ በፊት የማወጃ ቃል ይቀድማል።

ብሬንደን አይክ ጃቫስክሪፕትን በኔትስኬፕ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1995 ሲሠራ ነባሪ እሴት አልነበረም። ሌሎች ብዙ ቋንቋዎች ፈንክሽን ሲጠራ የሚፈለገው ሁሉ ካልተሰጠ ስሕተት ብለው ይቆማሉ። ጃቫስክሪፕት አይቆምም። ያልተሰጠውን «አንዲፋይንድ» በሚባል እሴት ይሞላና ሥራውን ይቀጥላል፤ በዚያ ሲባዛ ውጤቱ «ናን» ይሆናል፣ ቁጥር አይደለም ማለት ነው። ነባሪ እሴት በቋንቋው ደንብ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2015፣ ኢኤስ6 በተባለው እትም ነው። እስከዚያ ድረስ ፕሮግራመሮች ሁለት ቋሚ መስመሮችን (||) በመጠቀም ክፍተቱን ይሸፍኑ ነበር። የቀስቱ አጻጻፍ ራሱ የመጣው በዚያው እትም ቢሆንም፣ ለማነጻጸር ዘዴውን በእሱ ብንጽፈው እንዲህ ነው፦

ድምር = (ዋጋ, ታክስ) => ዋጋ + ዋጋ * (ታክስ || 0.15)

ይህ አጻጻፍ ዛሬም በብዙ ኮድ ውስጥ ስላለ ጠንቅቆ ማወቅ ይገባል። ሁለቱ ቋሚ መስመሮች «በግራ ያለው ባዶ ነገር ከሆነ የቀኙን ውሰድ» ይላሉ፤ ችግሩ ዜሮንም ከባዶ ነገር መቁጠራቸው ነው። ወደ ውጭ አገር የሚላክ ዕቃ በአገራችን ሕግ የታክስ ምጣኔው ዜሮ ነው። ላኪው ድምር(1000, 0) ብሎ በግልጽ ዜሮ ሲናገር፣ የድሮው ኮድ ዜሮውን ጥሎ 0.15 ያስገባና 1150 ያስከፍላል። አንድም የስሕተት መልእክት አይወጣም። ዝም ማለትና «የለም» ማለት የተለያዩ ናቸው፤ ነባሪ እሴት ሁለቱን ስለሚለያቸው ነው የሚወደደው።

ወሰን ግን አለው። ነባሪው የሚሠራው እሴቱ አንዲፋይንድ ሲሆን ብቻ ነው። ከመረጃ ቋት የሚመጣ ባዶ ቦታ ብዙ ጊዜ «ነል» የሚባል ሌላ እሴት ነው፤ ፈንክሽኑ ነልን እንደ ተነገረው ነገር ይቀበለዋል፣ በስሌት ውስጥም እንደ ዜሮ ያየዋል። ስለዚህ ሱቁ ታክስ መሰብሰብ ሲገባው 1000 ብቻ ያስከፍላል። ለዚህ እ.ኤ.አ. በ2020 የመጣ ሁለት የጥያቄ ምልክት አለ፦ (ታክስ ?? 0.15) ብንል ዜሮን ይጠብቃል፣ ነልንና አንዲፋይንድን ይሞላል። መረጃው ከውጭ ሲመጣ እኔ የምመርጠው ይህን ነው።

ነባሪው ደረቅ ቁጥር ብቻ መሆን የለበትም፤ ስሌት ሊሆን ይችላል፣ ከእሱ በፊት የተጻፈ ፓራሜትርንም ሊጠቀም ይችላል። የዘመን ቆጠራችን ለዚህ ግሩም ማሳያ ነው፦

ቀናት = (ወር, ዓመት, ጳጉሜን = ዓመት % 4 === 3 ? 6 : 5) => ወር === 13 ? ጳጉሜን : 30

ጉንደ ወይን ያለችበት ጎጃም የአብነት ትምህርት አገር ነው፤ ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው ይህን መስመር ኮድ ሳያውቅም ይረዳዋል። ዓመተ ዓለሙ ለአራት ተካፍሎ ሦስት ሲተርፍ ዘመነ ሉቃስ ነው፣ ጳጉሜንም ስድስት ትሆናለች። ከክርስቶስ በፊት ያለው 5500 ዘመን ለአራት ያለ ትርፍ ስለሚካፈል፣ ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ብናካፍልም ትርፉ ያው ነው። የፐርሰንት ምልክቱ ትርፉን ያወጣል፤ ሦስቱ የእኩል ምልክቶች «እኩል ነው ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ የጥያቄ ምልክቱና ሁለት ነጥቡ «ከሆነ ይህ፣ ካልሆነ ያ» ይላሉ። ቀናት(13, 2015) 6 ይላል፣ ቀናት(13, 2016) 5። ስሌቱ የሚሠራው ፈንክሽኑ በተጠራ ቁጥር አዲስ ሆኖ ነው። ፓይተን ነባሪውን የሚያሰላው ፈንክሽኑ ሲታወጅ አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ ከዚያ ወደዚህ የሚመጣ ተማሪ ልብ ይበል። ቅደም ተከተሉም ይጠበቅ፦ «ጳጉሜን» ከ«ዓመት» በፊት ብትጻፍ፣ ነባሪዋ ባስፈለገ ጊዜ ጥሪው በስሕተት ይቆማል፣ ገና ያልተሞላ ፓራሜትር ማንበብ አይፈቀድምና።

ዓመቱን ሳንሰጥ ቀናት(13) ብንልስ? 5 ይለናል። ከአራት ዓመት ሦስቱን ልክ ይሆናል፣ በዘመነ ሉቃስ ግን ማንም ሳያውቅ አንድ ቀን ይጎድላል። ነባሪ እሴት ሲበዛ የሚያመጣው አደጋ ይህ ነው፤ ሊጠየቅ የሚገባውን ነገር በግምት ይሞላዋል።

ስለዚህ ነባሪ የሚሰጠው የጠሪው ዝምታ አንድ የታወቀ ትርጉም ሲኖረው ብቻ ነው። ለተመዘገበ ሱቅ የታክሱ ምጣኔ እንደዚያ ነው። የጤፍ ዋጋ ግን አይደለም። በመስከረም የተጻፈ የኩንታል ዋጋ በኮዱ ውስጥ ነባሪ ሆኖ ቢቀመጥ፣ ገበያው ከፍ ካለ በኋላ በሐምሌም ያንኑ ያሰላል፤ ገበሬውም ነጋዴውም የሚያዩት ደህና የሚመስል ቁጥር ነው። ዋጋን ያለ ነባሪ ተዉት። ገጹ ላይ «ናን» ቢወጣ የሱቁ ባለቤት ምን እንደ ጎደለ ይጠይቃል፣ ይሞላልም፤ በአሮጌ ዋጋ የተሸጠ ጤፍ ግን አይመለስም።