መስመሩ እስኪጠገን የቱ ኢንተርኔት ያዋጣል?

ከቤቱ ሆኖ ዋጋ ለሚጠይቅ ነጋዴና ለሚያስማማ ደላላ የኢንተርኔት መቆራረጥ ገበያ ማጣት ነው። በአዲስ አበባ የሞባይል ኢንተርኔት አቅራቢው እስከ 2014 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ብቻ ነበር፤ ሳፋሪኮም በመስከረም 2015 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ግን ምርጫ አለ።

ከመግዛት በፊት የችግሩን ምንጭ መለየት ይገባል። የሚጠፋው መብራት ከሆነ ሌላ የኬብል መስመር ማስገባት አይፈይድም፤ ባትሪ ያለው ተንቀሳቃሽ ዋይፋይ ይሻላል። የተበላሸው መስመሩ ከሆነ ደግሞ የሌላውን ኩባንያ ሲም ካርድ በስልክ አስገብቶ፣ ኢንተርኔቱን ለኮምፒውተር አጋርቶ፣ ሥራ በሚበዛበት ሰዓት በዚያው ክፍል መሞከር ነው። በደንብ ከሠራ ለጊዜው የሳምንት ጥቅል ይበቃል። ውድ መሣሪያ መግዛት የሚያዋጣው ጥገናው ሲራዘም ብቻ ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው፤ የጥቅሉ ዋጋ በመቆራረጡ ካመለጠ አንድ ኮሚሽን ጋር ይነጻጸር።