በራጅ የሚነጣ፣ በዓይን የሚጠቁር ሲሚንቶ

የጥርስ ሥር የተደፈነበት ሲሚንቶ በራጅ ምስል ላይ ነጥቶ ካልታየ፣ ክፍተት መቅረቱን ሐኪሙ በምን ያውቃል? እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአሜሪካው ሎማ ሊንዳ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ኤም.ቲ.ኤ. በመሠረቱ ቤት የምንገነባበት ፖርትላንድ ሲሚንቶ ሲሆን፣ 20 በመቶ ያህል ቢስሙት ኦክሳይድ ተጨምሮበታል። የኤክስ ጨረርን የመምጠጥ ዐቅም ከአቶሚክ ቁጥር ጋር በፍጥነት ያድጋልና፤ የካልሲየም 20፣ የቢስሙት ግን 83 ነው። በዓለም አቀፉ መስፈርት 1 ሚሊሜትር ሲሚንቶ ቢያንስ የ3 ሚሊሜትር አሉሚኒየምን ያህል ጨረሩን ማገድ ይኖርበታል።

ችግሩ ከቀለሙ ላይ ነው። የጥርስ ሥር የሚታጠብበት ሶዲየም ሃይፖክሎራይት፣ ማለትም የምናውቀው በረኪና፣ ቢስሙት ኦክሳይድን ሲነካው ያጠቁረዋል። ጥቁረቱም በፊት ጥርስ ላይ ጎልቶ ይወጣል። በምትኩ የሚገባው ዚርኮኒየም ኦክሳይድ ቀለሙን አይለውጥም፤ አቶሚክ ቁጥሩ 40 በመሆኑ ግን ያንኑ ንጣት ለማግኘት መጠኑን መጨመር ግድ ይላል። ለፊት ጥርስ ሲባል ይህ የሚያስቆጭ አይመስለንም።