ለጥቂት ወራት የሚሠራ ጥርስ፣ ምን ያህል ይጠንክር?

የጥርስ ኢምፕላንት የሚያሠራ ሰው ከቲታኒየም የሚሠራው ሰው ሠራሽ ሥር መንጋጋው ውስጥ ከተተከለ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ይጠብቃል፤ አጥንቱ ብረቱን አጥብቆ እስኪይዝ ድረስ። ስዊድናዊው ፔር ኢንግቫር ብሮኔማርክ ይህን ውህደት የተገነዘበው በ1950ዎቹ በጥንቸል አጥንት ላይ ነበር፤ በ1965 እ.ኤ.አ. ደግሞ ለመጀመሪያው ታካሚ ተከለለት። በጥበቃው ወራት ክፍተቱን የሚሸፍነው ብዙውን ጊዜ ከአክሪሊክ የሚሠራ ጊዜያዊ ጥርስ ነው። እሱን ከኢምፕላንቱ ጋር በብሎን የሚያስረውን ማገናኛ ሐኪሞች አባትመንት ይሉታል።

ለጥቂት ወራት ነውና የማገናኛው ጥንካሬ አያሳስብም የሚሉ አሉ። እኔ ግን ይበልጥ ሊያሳስብ የሚገባው ያኔ ነው እላለሁ። የማኘክ ጫና በማገናኛው በኩል ወደ ኢምፕላንቱ ይወርዳልና፣ ገና ያልጸና ኢምፕላንት ከ150 ማይክሮሜትር ገደማ በላይ ደጋግሞ ከተነቃነቀ በአጥንት ፈንታ ጅማት መሰል ሥጋ ይከበዋል፤ እንዲህ የሆነ ኢምፕላንት መጨረሻው መነቀል ነው።

ማገናኛው በብዛት የሚሠራው ከቲታኒየም ወይም ፒክ ከሚባል ፕላስቲክ ነው። ፒክ ተራ ፕላስቲክ እንዳይመስላችሁ፤ ሙቀቱ 343 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካልደረሰ አይቀልጥም። ግትርነቱ ግን 4 ጊጋፓስካል ያህል ብቻ ነው፤ የቲታኒየም 110 ገደማ ይደርሳል።

ቀረብ ብሎ ላየው የፒክ ማገናኛ ነጣ ያለ አጭር ቱቦ ነው። አክሪሊክ ፒክ ላይ በቀላሉ ስለማይጣበቅ፣ ቆንጥጦ እንዲይዝ ዙሪያውን ቦይ ቦይ ተደርጎ ይሠራል። ሐኪሙ በመሰርሰሪያው ጠርቦ ወዲያው ልኩን ያስይዘዋል፤ እንደ ቲታኒየምም በስስ ድድ ሥር አይጠቁርም። ለፊት ጥርስ የሚመረጠው ለዚህ ነው። ድካሙ ብሎኑ የሚያርፍበት ቀጭን ግድግዳ ላይ ነው፤ ብሎኑ ከልክ በላይ ከጠበቀ ወይም ሸክሙ ከበዛ እዚያ ጋ ይሰነጠቃል። የኋላ ጥርስ ላይ የሚያርፈው ኃይል ከ500 ኒውተን ሊያልፍ ስለሚችል፣ ለዚያም ሆነ ብዙ ጥርስ ለሚሸከም ድልድይ ቲታኒየም ይሻላል ባይ ነኝ።

የምግብ ጫና ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ አይወርድም። ስለዚህ አይኤስኦ 14801 የተባለው የፍተሻ ደረጃ ኢምፕላንቱን ከነማገናኛው 30 ዲግሪ አዘንብሎ እስከ 5 ሚሊዮን ጊዜ ያስጭነዋል።

ብዙ አምራቾች የፒክ ማገናኛ ከ180 ቀን በላይ አፍ ውስጥ እንዳይቆይ ያዝዛሉ። ስለዚህ ቀጠሮዎን አያሳልፉ። ጊዜያዊ ጥርስዎ ከተነቃነቀ ወይም ከተሰነጠቀ ከሱቅ በገዙት ማጣበቂያ አይለጥፉት፤ በዚያ በኩል ሳያኝኩ ሐኪምዎ ዘንድ ይሂዱ።