ስለ ስኪና ስለ በረዶ ጫማ መንገዶች

መንገድ በዝናብና በጎርፍ እንደሚበላሽ ሁላችንም እናውቃለን። እግረኛ በጫማው ብቻ የሚያበላሸው መንገድ አለ ቢሉህ ግን ምን ትላለህ? እኔ በመጀመሪያ አላመንሁም ነበር። ነገሩን መመርመር የጀመርሁት፥ በአሜሪካ አገር በኒው ዮርክ ግዛት የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ባለፈው ክረምት ወደ አዲሮንዳክ ተራሮች ሄዶ የደረሰበትን ከነገረኝ በኋላ ነው። (ክረምት ስል የነሱን ማለቴ ነው፤ ለእኛ በጋ ነበር።)

ወንድሜ ተራ ቡት ጫማውን ተጫምቶ ወደ ደኑ ገባ። የመጀመሪያዎቹ መቶ እርምጃዎች ደኅና ነበሩ። ከዚያ በኋላ ግን አንዱ እግሩ እስከ ጉልበቱ፥ ሁለተኛውም እስከ ጭኑ ሰጠመ። አንዱን ሲያወጣ ሌላው ይገባል። ግማሽ ሰዓት ሙሉ እንዲህ ሲታገል ከቆየ በኋላ፥ በበረዶ ጫማ የሚሄዱ አንድ ሽማግሌ ከኋላው ደረሱበት። ሽማግሌው ከእሱ ይልቅ የተዋቸውን ጉድጓዶች አተኩረው ተመለከቱና፥ በትሕትና ነገር ግን በማያወላዳ ቃል እንዲመለስ ነገሩት። ወንድሜ በጣም ተቀይሞ ተመለሰ። እኔም ስሰማ ከእሱ ጋር ተቀይሜ ነበር፤ አሁን ግን ሽማግሌው ትክክል እንደ ነበሩ አምናለሁ።

ምክንያቱም እንዲህ ነው። እኛ በረዶ የምንለው በሐምሌ ጣራ እየደበደበ የሚወርደውን ጠጣር ነው። የዚያ አገሩ ግን እንደ ባዘቶ ጥጥ ሆኖ ድምፅ ሳያሰማ ይወርዳል፤ በመካከሉም ብዙ አየር ስለሚይዝ ክብደት አይችልም። ሒሳቡን ፊዚክስ የተማረ ሁሉ ሊሠራው ይችላል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በአንድ እግሩ ቢቆምና የጫማው ሶል ስፋት 250 ካሬ ሳንቲሜትር ቢሆን፥ በእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲሜትር ላይ 280 ግራም ይጫናል። ስፋቱ 1,200 ካሬ ሳንቲሜትር የሆነ የበረዶ ጫማ ቢያደርግ ግን ጫናው ወደ 58 ግራም ይወርዳል። ስኪም ምንም እንኳ ጠባብ ቢሆን ቁመቱ ሁለት ሜትር ሊደርስ ስለሚችል፥ ስፋቱን 850 ካሬ ሳንቲሜትር ብንለው ጫናው 82 ግራም ያህል ይሆናል። በጭቃ ላይ ሳንቃ አንጥፎ መሻገር እንደ ማለት ነው።

ባዶ ጫማ የቈፈረው ጉድጓድ ደግሞ በዚያው አይቀርም። ቀን ትንሽ የቀለጠው በረዶ ሌሊት ሲጠነክር ጉድጓዱ እንደ ድንጋይ ይሆናል። በማግሥቱ በስኪ ቁልቁል የሚመጣ ሰው የስኪውን ጫፍ እዚያ ውስጥ ቢሰካ እግሩ ሊሰበር ይችላል፤ እግሩ የተሰበረውም ሰው ከመኪና መንገድ ብዙ ሰዓት ርቆ በብርድ ውስጥ ሊቀር ነው። ስለዚህ የኒው ዮርክ ግዛት መንግሥት «ሃይ ፒክስ» በሚባለው በከፍተኛው የተራራ ክፍል፥ የበረዶው ጥልቀት 20 ሳንቲሜትር ያህል ከደረሰ ማንም ሰው ያለ ስኪ ወይም ያለ በረዶ ጫማ እንዳይሄድ በደንብ ከልክሏል። ወንድሜ ይህን ደንብ አያውቅም ነበር፤ አለማወቁ ግን ጉድጓዱን አልደፈነውም።

የበረዶ ጫማ ምን እንደሚመስል ለማወቅ የጠፍር አልጋ ማሰብ ይበቃል። የዚያ አገር ጥንታውያን ሕዝቦች፥ ከእነዚህም ሞሃክና አቤናኪ የሚባሉት፥ እንጨት ጎብጠው በእርጥብ ቆዳ ጠፍር እየጠለፉ ይሠሩት ነበር። ዛሬ አብዛኛው ከአሉሚኒየምና ከፕላስቲክ የሚሠራ ሲሆን፥ ዳገት ላይ እንዳያንሸራትት ከሥሩ የብረት ጥርስ አለው።

ስኪ ግን ይበልጥ የሚያስገርም ብልሃት አለው። የሚያንሸራትት ነገር ተጫምቶ ዳገት መውጣት እንዴት ይቻላል? ምስጢሩ ስኪው ከመካከሉ እንደ ቀስት ወደ ላይ የጎበጠ መሆኑ ነው። ሰውየው ክብደቱን በሁለቱ ላይ አካፍሎ ሲንሸራተት መካከሉ በረዶውን አይጫነውም። በአንዱ እግሩ ላይ ብቻ ቆሞ ወደ ታች ሲረግጥ ግን ጉብጠቱ ይለጠጥና፥ በመካከሉ የተቀባው ልዩ ሰም በረዶውን ቆንጥጦ ይይዛል። ሰሙም እንደ ብርዱ መጠን ይለያያል፤ ለደረቅ በረዶ ጠንካራው፥ ለእርጥቡ ለስላሳው ይቀባል። የተሳሳተውን የቀባ ሰው ወይ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፥ ወይም በረዶው ከስኪው ሥር እየተጣበቀ እንደ ጭቃ ጫማ ይከብደዋል።

በተደለደለ ሜዳ ላይ መኪና ሁለት ትይዩ ቦዮች እያወጣ ለስኪ ያዘጋጃል። በደኑ ውስጥ ግን ቦዩን የሚያወጣው ቀድሞ የሄደው ሰው ነው። በበረዶ ጫማ የሚሄድ ሰው በዚህ ቦይ ላይ ከረገጠ ያፈርሰዋል፤ ስለዚህ መንገዱ ሰፊ ከሆነ በጎኑ መሄድ ይገባዋል።

አሁን ስለ ቦታው ልናገር። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የአዲሮንዳክ ፓርክ በ1892 ተከለለ፤ ስፋቱ 24,000 ካሬ ኪሎሜትር ያህል ነው። በውስጡ የግል መሬትና ከተሞችም አሉ። የመንግሥት በሆነው ደን ላይ ግን በ1894 የተሻሻለው የግዛቱ ሕገ መንግሥት ዛፉ እንዳይሸጥ፥ እንዳይነሣና እንዳይጠፋ፥ ደኑም ለዘለዓለም ዱር ሆኖ እንዲኖር አዘዘ። ታዲያ ዛፍ ሳይቈረጥ መንገድ እንዴት ይወጣል? ሌክ ፕላሲድ የተባለችው ከተማ የ1932ን የክረምት ኦሊምፒክ ለማዘጋጀት በተመረጠች ጊዜ፥ ለቦብስሌይ መንሸራተቻ በመንግሥቱ ደን ውስጥ 2,500 ያህል ዛፎች እንዲቈረጡ ታስቦ ነበር። ጉዳዩ እስከ ግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ፍርድ ቤቱም በ1930 ይህ ሕገ መንግሥቱን ይቃወማል ብሎ ፈረደ። መንሸራተቻው በሌላ ቦታ ተሠራ፤ ኦሊምፒኩም በጊዜው ተደረገ። ለዓለም በዓል ሲባል እንኳ ዛፍ አይቈረጥም ያለ ፍርድ ቤት መኖሩ እኔን አስደንቆኛል።

በዚህ ምክንያት መንገድ የሚያወጡ ሰዎች ብዙ ጊዜ አሮጌ ጎዳና ይፈልጋሉ። ከሳራናክ ሌክ በሌክ ፕላሲድ በኩል አድርጎ እስከ ኪን የሚደርሰው የጃክራቢት የስኪ መንገድ ለዚህ ምስክር ነው። ሥራው በ1986 የተጀመረ ሲሆን፥ ከሌክ ፕላሲድ ወደ ኪን የሚወስደው ክፍል መኪና የተወው የጥንት የተራራ ጎዳና ነው። ስሙም የሄርማን ስሚት ዮሃንሰን ቅጽል ስም ነው፤ ጃክራቢት ማለት የጥንቸል ዓይነት ነው። ይህ ሰው በ1875 በኖርዌይ ተወልዶ፥ በዚህ አካባቢም ኖሮ፥ በአሜሪካና በካናዳ ብዙዎችን ወደ ስኪ የሳበ ሲሆን በ1987 በ111 ዓመቱ አረፈ።

ይህ ሁሉ ለእኛ ሩቅ ነው የሚል ቢኖር፥ አዲስ አበባ የተወለደው ሮቤል ተክለማርያም በ2006 በቱሪን የክረምት ኦሊምፒክ የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ ይዞ በ15 ኪሎሜትር የስኪ ውድድር እንደ ተካፈለ ያስታውስ። የወጣው 83ኛ ነው። በክረምቱ ኦሊምፒክ አገራችንን የወከለ የመጀመሪያው ሰው ግን እሱ ነው።

ወንድሜ ከአንድ ወር በኋላ የበረዶ ጫማ ተከራይቶ ወደዚያው ደን ተመለሰ። በዚህ ጊዜ በዛፎቹ ላይ የተቸነከሩትን ቀይ፥ ሰማያዊና ቢጫ ክብ ምልክቶች እየተከተለ ሄደ፤ ከመንገዱም አልወጣም። ከመንገድ ውጭ በረዶ የሸፈናቸው ትናንሽ ጥዶች ስላሉ፥ ከቅርንጫፋቸው ሥር ያለው ባዶ ቦታ ሰው እስከ ደረቱ ይውጣል። መሽቶበት እንዳያድርም በጊዜ ተነሣ፤ በዲሴምበር አጋማሽ በዚያ አገር ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቈጣጠር ከቀኑ አሥር ሰዓት ከሩብ ገደማ ነውና፥ ከዚያ ወዲህ ቀኑ ቢረዝምም ብርዱ አይጠብቅም። ሲመለስ ፎቶግራፍ ላከልኝ። በፎቶግራፉ ላይ ሁለት የስኪ ቦዮች ቀጥ ብለው ወደ ጥዶቹ ይገባሉ፤ የወንድሜም ሰፊ ኮቴ አንድ ክንድ ያህል ርቆ በጎናቸው ይሄዳል።