ሻንጣው ሲቀር፣ በረራው ሲሰረዝ



ከአልዩ አምባ ተነስቶ ጅዳ ለሚደርስ ሰው የመንገዱ ከባዱ ክፍል የትኛው ነው ተብለን ብንጠየቅ ኖሮ፣ ያለጥርጥር ከአልዩ አምባ ወደ ጎረቤላ የሚያወጣው ዳገት ነው እንል ነበር። ጉም በወረደ ጊዜ ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ የሚነዳበት ዳገት ነው። ከአንኮበር ደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ደግሞ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ይህን ያህል ከተሻገሩ የቀረውን አውሮፕላኑ ይጨርሰዋል የሚል እምነት ነበረን። አባትና እናታችንን ለዑምራ ይዘን ከወጣን ወዲህ ግን ይህን እምነታችንን አስተካክለናል።

የቆረጥነው ቲኬት ርካሽ ስለነበር በአንድ የባሕረ ሰላጤው ከተማ አውሮፕላን መቀየር ነበረብን። የአየር መንገዱን ስም መጥቀስ አያስፈልግም፤ በየትኛውም ሊደርስ የሚችል ነገር ነውና። ቦሌ ደርሰን ሰልፍ ከያዝን በኋላ አንዲት ሠራተኛ መጥታ የዛሬው በረራ ተሰርዟል፣ ነገ በዚሁ ሰዓት ኑ ብላን ሄደች። ከፊሉ መንገደኛ ጮኸ፤ ከፊሉ ሻንጣውን እየጎተተ ወጣ። እኛ ከወጡት ነበርን፤ ኮልፌ የሚገኙ ዘመዶቻችን ቤት አደርን። የምንበላውንና የምናድርበትን የመጠየቅ መብት እንዳለን፣ ቢያንስ ስረዛውን የሚገልጽ ወረቀት መቀበል እንደነበረብን የተረዳነው ከተመለስን በኋላ ነው። ለተከታዮቻችን የምንመክረው የመጀመሪያው ነገር ይኸው ነው፦ ከመስኮቱ ፊት ሳትለቁ በጨዋ አንደበት የተሰረዘበትን ምክንያትና አዲሱን ሰዓት በጽሑፍ ጠይቁ። ጩኸት ወረቀት አያስገኝም፤ ቶሎ መሄድም አያስገኝም።

አንድ ነገር ግን በአላህ ፈቃድ ተርፎልናል። አባታችን ከቤት ጀምሮ ኢሕራም ልልበስ ሲሉ፣ የሰፈራችን ኡስታዝ ቀድመው ነግረዋቸው ነበር። ኢሕራም ጨርቁ አይደለም፤ ኒያው ነው። ጨርቁን ከቤትም ከአየር ማረፊያም መልበስ ይቻላል፤ ኒያውን ግን አውሮፕላኑ ከተነሳ በኋላ ሚቃት ሲቃረብ መነየት ይሻላል። ጨርቁን ብቻ ለብሶ ሳይነይት በረራው የተሰረዘበት ሰው ልብሱን ቀይሮ ቤቱ ይገባል፤ ምንም የለበትም። ነይቶ የታገደ ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ መሥዋዕት ማረድና ፀጉር መላጨት የሚያስከትል ሊሆን ይችላል። እገዳ የሚፈራ ሰው ሲነይት ቅድመ ሁኔታ ማስቀመጥ እንደሚችል፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለዱባዓ ቢንት አዝ-ዙበይር (ረ.ዐ.) የሰጡት ምክር በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል፤ ዓሊሞች በዝርዝሩ ላይ ስለሚለያዩ የየአካባቢውን ዓሊም መጠየቅ ይገባል።

በነገራችን ላይ፣ ለዑምራ ወጥቶ መመለስ በእኛ አልተጀመረም። በ6ኛው ዓመተ ሂጅራ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) 1,400 ያህል ሶሓቦችን አስከትለው ለዑምራ ወጥተው ሑደይቢያ ላይ ታግደዋል። ሶሓቦቹ ከሐዘን የተነሳ ትእዛዙን ለመፈጸም ሲዘገዩ፣ እርስዎ ቀድመው ይረዱና ይላጩ፣ እነርሱም ይከተሉዎታል ብላ መላ ያመጣችው ባለቤታቸው ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) ነች። ዑምራውን የፈጸሙት በተከታዩ ዓመት ነው። ከኮልፌው ቤት ያደርንበት ሌሊት ይህን ለአባታችን ስናወራቸው፣ «እኛ ለአንድ ቀን ነው ያዘንነው!» ብለው ሳቁ።

ሶላትን በተመለከተም ብዙ ሰው ይደናገራል። የአንኮበር ሰው አዲስ አበባ ላይ በረራ ሲጠብቅ መንገደኛ ነው፤ ባለ 4 ረከዓውን ወደ 2 ያሳጥራል፣ ዙህርን ከዐስር፣ መግሪብን ከዒሻ ማሰባሰብም በብዙ ዓሊሞች ዘንድ ይፈቀድለታል። ዛሬ እሄዳለሁ፣ ነገ እሄዳለሁ እያለ የሚጠብቅ ሰው ስንት ቀን ማሳጠር ይችላል የሚለው መዝሀቦች የሚለያዩበት ስለሆነ፣ ይህንንም ቀድሞ ጠይቆ መሄድ ይጠቅማል።

የአንኮበር ጭነት

በማግስቱ በረርን። አውሮፕላን የቀየርንባት ከተማ ላይ ጊዜው ስላጠረን ከአንዱ በር ወደ ሌላው እየሮጥን ደረስን። እኛ ደረስን፤ ሻንጣው አልደረሰም። ለሻንጣ መዘግየት ዋነኛው ምክንያትም ይኸው መቀያየር ነው። በ2024 (እ.ኤ.አ.) በዓለም ከተጓጓዙ 1,000 መንገደኞች 6.3 ሻንጣ ገደማ ዘግይቷል፣ ተጎድቷል ወይም ጠፍቷል ተብሎ ተመዝግቧል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ሻንጣው የራስ ሲሆን ግን ትንሽ አይደለም።

ለአንኮበር ሰው ጭነት ከባለቤቱ መነጠሉ አዲስ ነገር አይደለም። የጥንት ሲራራ ነጋዴ ከባሕር በግመል ያመጣውን ዕቃ ከተራራው ሥር ያራግፍ ነበር፤ ግመል ዳገቱን አይወጣምና ከዚያ በኋላ ያለው የበቅሎና የሰው ትከሻ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የተላከው የካፒቴን ሃሪስ የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ስጦታውን ይዞ የመጣው በዚሁ መንገድ ነው። ከሁሉም የባሰው የደረሰው ግን በባለቅኔነቱ በሚታወቀው ፈረንሳዊ በአርተር ራምቦ ላይ ሳይሆን አይቀርም። ለንጉሥ ምኒልክ የሚሸጥ ጠመንጃ ይዞ በ1885 መጨረሻ ታጁራ ገባና አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው እዚያው ተቀመጠ። ፈቃድ ተከለከለ፣ ሸሪኩ ታሞ ሞተ፣ ሌላውም አብሮት ሊሄድ ያሰበው ሰው ሞተ። በመጨረሻ ተነስቶ በየካቲት 1887 አንኮበር ሲደርስ ንጉሡ በከተማው አልነበሩም፤ እስከ እንጦጦ ተከትሎ መሄድ ነበረበት፤ ጭነቱንም ካሰበው በታች ሸጠ። ካሣ የሚጠይቅበት መስኮት አልነበረውም። ዛሬ መስኮቱ አለ፤ ችግሩ ብዙዎቻችን ሳናንኳኳው ማለፋችን ነው።

ጅዳ ስንደርስ እኛም ልናልፈው ነበር። ሻንጣዎቹ እየዞሩ ይመጣሉ፤ ሰዉ የየራሱን እያነሳ ይሄዳል፤ በመጨረሻ የማንም ያልሆነ አንድ ካርቶን ብቻ ሲዞር ቀረ። አባታችን፣ «ልጆቼ፣ ነገ ይመጣል፣ እንሂድ» አሉ። አንድ የወሎ ልጅ የሆነ የአየር ማረፊያው ሠራተኛ ባያስቆመን ኖሮ ሄደን ነበር። «ከዚህ በር ከወጣችሁ በኋላ ሻንጣው እዚህ መጥፋቱን በምን ታስረዳላችሁ?» አለን። ወደ ሻንጣ ጉዳይ መስኮት ወስዶን ቅጽ አስሞላን፤ 10 ፊደልና ቁጥር ያለው የመከታተያ መለያ ተሰጠን። በቲኬታችን ጀርባ ተለጥፎ የነበረውን ባለ 10 አኃዝ የሻንጣ ወረቀትም ያኔ ነው ዋጋውን ያወቅነው። ብዙ ሰው ይህን ወረቀት ወንበሩ ኪስ ውስጥ ጥሎት ይወርዳል።

ቅጹ ላይ የሻንጣው መልክ ምን ይመስላል ሲባል፣ ጥቁር ነው አልን። ሠራተኛው ሳቀ። ጥቁር ሻንጣ ያልያዘ መንገደኛ የት አለ? ከመነሳታችሁ በፊት ሻንጣውን ከነመያዣው ፎቶ አንሱት፤ ቀይ ጨርቅ እሰሩበት፤ ስማችሁንና የምታርፉበትን ስልክ ከውጭም ከውስጥም ጻፉበት፤ የውጩ ወረቀት ይቀደዳልና።

ከእጅ የማይለይ

እዚህ ላይ የእኛን ጥፋት እንናገር። አባታችን የኢሕራም ጨርቃቸውን ሻንጣው ውስጥ አስገብተውት ነበር። ከመጨረሻው በረራ በፊት እንለብሳለን ብለን ነበር ያሰብነው፤ ሻንጣው በመሸጋገሪያው ከተማ እንደማይሰጠን አላወቅንም። አብራሪው ሚቃት መቃረቡን ሲያስነግር አባታችን በጭንቀት ላብ አሰጠማቸው። ያዳናቸው ትከሻቸው ላይ የነበረው ጋቢና የእናታችን ትርፍ ነጠላ ነው። ኢሕራም በአካል ቅርጽ ያልተሰፋ ጨርቅ መሆኑ ይበቃል፤ አዲስ ፎጣ መሆን የለበትም። ነጠላውን አገልድመው፣ ጋቢውን ደርበው ነየቱ። ጨርቅ ጨርሶ ያጣ ሰው እንኳ ሱሪውን ለብሶ መነየት እንደሚችል በሐዲስ ተፈቅዷል፤ ሚቃቱን ሳይነይት ማለፍ ግን የለበትም።

ከጨርቁ የከበደው ግን መድኃኒቱ ነው። የእናታችን የደም ግፊት ክኒን እዚያው ሻንጣ ውስጥ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ምንም አላለችንም። በሁለተኛው ቀን ራሷን አማት፤ ዓይኗም ብዥ አለባት። መካ ውስጥ ፋርማሲ ገብተን የመድኃኒቱ ስም ምንድን ነው ሲሉን የምናውቀው «ነጭ፣ ትንሽ፣ ጠዋት የሚዋጥ» መሆኑን ብቻ ነው። ማንም በዚህ መግለጫ መድኃኒት አይሰጥም፤ መስጠትም የለበትም። ክሊኒክ ወስደን ተለክታ አዲስ ማዘዣ እስኪጻፍላት ግማሽ ቀን ፈጀብን። ያን ግማሽ ቀን መቼም አንረሳውም፤ የዓመታት ጉጉቷን ልትፈጽም የመጣች እናት፣ ከዕባ ሊታይ ጥቂት ሲቀር በልጆቿ ቸልተኝነት ልትወድቅብን ነበር።

ስለዚህ መድኃኒት የጉዞውን ቀን ሁሉ የሚያዳርስ፣ ትርፍም ያለው ሆኖ ከነማሸጊያው በእጅ ቦርሳ ይያዝ፤ የሐኪም ማዘዣው ቅጂ ይጨመርበት። ኢንሱሊን የሚወስዱ ሰዎች ደግሞ ዕቃ ጫኚው ክፍል ሊቀዘቅዝና መድኃኒቱን ሊያበላሽ ስለሚችል በፍጹም በሻንጣ አይስጡት። አውሮፕላኑ ሞልቷል ተብሎ የእጅ ቦርሳችሁን በር ላይ ቢወስዱባችሁ መድኃኒቱን፣ ፓስፖርቱን፣ ወርቁንና የስልክ ቻርጀር ባትሪውን አውጡና አስረክቡ፤ ትርፍ ባትሪ ከሥር መጫንም ክልክል ነው። ወርቅና ገንዘብ ሻንጣ ውስጥ ማስገባት ከንቱ ነው፤ አብዛኞቹ አየር መንገዶች ለእነዚህ ኃላፊነት እንደማይወስዱ በቲኬቱ ውል ጽፈዋል። ለሥራ የሚሄዱ እኅቶቻችን የቀጣሪውን፣ የኤጀንሲውንና የኢትዮጵያን ቆንስላ ስልክ በወረቀት ጽፈው ይያዙ፤ በረራ ሲሰረዝ የሚቀበላቸው ሰው አያውቅምና፣ ስልኩም ባትሪ ሲጨርስ ሁሉም አብሮት ይጠፋል።

ካሣን በተመለከተ ሕጉ እንዲህ ነው። ኢትዮጵያም ሳዑዲ ዐረቢያም የ1999ኙ (እ.ኤ.አ.) የሞንትሪያል ስምምነት አባል ናቸው። በዚህ ስምምነት መሠረት ሻንጣ ቢጠፋ፣ ቢጎዳ ወይም ቢዘገይ አየር መንገዱ በአንድ መንገደኛ እስከ 1,519 ኤስ.ዲ.አር. ድረስ ሊጠየቅ ይችላል፤ ይህ በዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት የሚሰላ መለኪያ ሲሆን ወደ 2,000 የአሜሪካን ዶላር ይጠጋል። መጠኑ ከታኅሣሥ 2024 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ የጸና ነው። ጣሪያ እንጂ የሚታደል ገንዘብ አይደለም፤ የደረሰውን ጉዳት ማስረዳት ያስፈልጋል። የተጎዳ ሻንጣ በ7 ቀን፣ የዘገየ ሻንጣ ከተረከቡት በኋላ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ አቤት ካልተባለበት መብቱ ይቀራል። ይደርሳል ከተባለበት ቀን ጀምሮ 21 ቀን ሞልቶት ያልመጣ ሻንጣ እንደጠፋ ይቆጠራል። ክስ ለማቅረብ ያለው ጊዜ 2 ዓመት ነው።

አየር መንገዱ የማይጠየቅበት ጊዜም አለ፤ የሚቻለውን ሁሉ አድርጎ ነገሩ ከአቅሙ በላይ ከሆነ ማለት ነው። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በአፋር ምድር የሚገኘው የሀይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመንና በኦማን በኩል እስከ ሕንድ ደርሶ፣ ከሕንድ ወደ ጅዳ የሚደረጉ በረራዎች ሳይቀሩ ተሰርዘዋል። በሰኔ 2017 ዓ.ም. በመካከለኛው ምሥራቅ ሰማዩ በጦርነት ሲዘጋ ሐጃቸውን የፈጸሙ ኢራናውያን በአየር መመለስ አቅቷቸው በየብስ ነው የተጓዙት። በ1441 ዓመተ ሂጅራ በወረርሽኙ ምክንያት ከውጭ የሚመጣ ሐጃጅ ሁሉ ቀርቶ በመንግሥቱ ውስጥ የሚኖሩ 1,000 ያህል ሰዎች ብቻ ሐጅ አድርገዋል። እንዲህ ባለው ጊዜ ማንንም መውቀስ አይቻልም፤ የቲኬቱን ገንዘብ ወይም ሌላ በረራ መጠየቅ ግን ይቻላል።

ለተቀባይ ቤተሰብም አንድ ቃል አለን። ከአልዩ አምባ ሚኒባስ ተኮናትሮ ቦሌ የሚወርድ ዘመድ ከመነሳቱ በፊት በረራው መነሳቱን በስልክ ያረጋግጥ። የእኛ ዘመዶች ስንመለስ በረራው 9 ሰዓት መዘግየቱን ሳይሰሙ መጥተው፣ ሕፃን ታቅፈው ደጅ ላይ አድረዋል።

ሻንጣው መካ የደረሰው በአራተኛው ቀን ነው። ስንከፍተው ዳቦ ቆሎው ደቅቋል፣ በርበሬው ኢሕራሙ ላይ ተደፍቶ ነጩ ጨርቅ ቀይ ሆኗል። እስከዚያው የገዛናቸውን የልብስ፣ የጫማና የመድኃኒት ደረሰኞች አስቀምጠን ስለነበር፣ እንደተመለስን ከቅጹ ቅጂ ጋር አያይዘን ደብዳቤ ጻፍን። ሦስት ወር ቢፈጅም የደረሰኞቹን ያህል ከፈሉን። አባታችን ገንዘቡን ሲቀበሉ የበርበሬውንስ ብለው ጠይቀው ነበር፤ ለእሱ ደረሰኝ አልነበረንም። እናታችን አሁን ደብረ ብርሃን ሐኪም ዘንድ እንኳ ስትሄድ ክኒኗን ከነማዘዣው በመሐረብ ቋጥራ ብብቷ ሥር ነው የምትይዘው። ልያዝልሽ ስንላት አትሰጠንም።