«አር-13»፣ «አር-30»፦ የቤት ሙቀት መከላከያ አቅም እንዴት ይለካል?

በአሜሪካ የግንባታ ዕቃ መደብሮች ውስጥ የሚሸጡ የፋይበርግላስ ጥቅሎች «አር-13» ወይም «አር-30» የሚል ጽሑፍ ይታይባቸዋል። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ሙቀት ከቤት እንዳይወጣ የመከላከል አቅማቸው ይጨምራል፤ ዋጋቸውም እንዲሁ። ለመሆኑ ቁጥሩ ከየት መጣ?

በፋይበርግላስ ውስጥ ሙቀትን በዋናነት የሚያግደው መስታወቱ ሳይሆን በክሮቹ መካከል ታግቶ የቆመው አየር ነው። ጋቢ ደርቦ ብርድን የተከላከለ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ድፍን መስታወት ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ ወደ 1 ዋት በሜትር በኬልቪን ሲጠጋ፣ የፋይበርግላስ ግን 0.04 ገደማ ነው። የረጋ አየር ደግሞ 0.026 ነው።

ልኬቱ ትዕግሥት ይጠይቃል። በኤሌክትሪክ የሚሞቅ የብረት ሳህን በሁለት ተመሳሳይ ናሙናዎች መካከል ይቀመጣል፤ ከናሙናዎቹ ማዶ ቀዝቃዛ ሳህኖች ይደረጋሉ። ሙቀቱ እስኪረጋ ሰዓታት ያልፋሉ። ከዚያ በኋላ ሳህኑ የሚወስደው ኤሌክትሪክ በናሙናዎቹ ውስጥ ከሚያልፈው ሙቀት ጋር እኩል ይሆናል።

መጠኑ ግን እጅግ ጥቂት ነው። 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረትና 1 ካሬ ሜትር ስፋት ባለው ፋይበርግላስ፣ በ20 ዲግሪ ልዩነት የሚያልፈው 8 ዋት ብቻ ነው። ግማሽ ዋት እንኳ በጎን ቢያመልጥ ውጤቱ በ6 በመቶ ይዛባል። በዚህም ምክንያት ሳህኑ በእኩል ሙቀት በሚጠበቅ ሌላ የብረት ቀለበት ይከበባል፤ በመካከላቸው የሙቀት ልዩነት ከሌለ ሙቀት ወደ ጎን አይፈስም።

ሌላም ወጥመድ አለ። በሳሳ ፋይበርግላስ ውስጥ ሙቀት በጨረር መልክም ያልፋል። ስለሆነም ስስ ናሙና ለክቶ ውጤቱን በውፍረት ማባዛት የተጋነነ ቁጥር ይሰጣል፤ ጉዳቱም ለገዢው ነው። የአሜሪካ ፌደራል ንግድ ኮሚሽን በ1979 (እ.አ.አ.) ስለ «አር» ቁጥር አለካክና አገላለጽ ደንብ አውጥቷል።

በአውሮፓ የምትኖሩ አንባቢያን ቁጥሮቹን በቀጥታ አታነጻጽሩ፤ የአሜሪካው «አር-13» በሜትሪክ 2.3 ያህል ነው።

የላቦራቶሪው ቁጥር የሚሠራው ቁሱ ደረቅና ያልተጨመቀ ሲሆን ነው። 16 ሳንቲ ሜትር የሚወፍር «አር-19» ወደ 9 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ተጠቅጥቆ ቢገባ አቅሙ ወደ «አር-13» ገደማ ይወርዳል።